የአጸግብሮት አካሄድና የአጸግባሪ ምርጫ፦ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ስያሜ ላይ የቀረበ ማብራሪያ

የሳይንስ ቃላትን በአማርኛ ለመግለጽ በሚደረገው ጥረት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ቀላል ሆነው የሚገኙት የነገር ስሞች ናቸው። «ካርቦን»፣ «ሃይድሮጅን»፣ «ኤታኖል» የሚሉት ቃላት እንዳሉ ቢወሰዱ ለተርጓሚው የሚያስከትሉት ችግር እምብዛም ነው። ስሙ ለአንድ የታወቀ ነገር ይቆማል፤ ነገሩም በየትኛውም አገርና በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስሙ ነገሩን ትቶ ነገሩ የሚፈጽመውን ተግባር መሰየም ሲጀምር ነው። አንድ ሰው በቤቱ አባት፣ በመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ በዕድሩ ዳኛ እንደሚባል ሁሉ፣ አንድ ውሁድም በአንድ አጸግብሮት አንድ ስም፣ በሌላው ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል። ይህን የማያሳይ ስያሜ አንባቢውን ያሳስታል።

የካርቦን ውሁዶች ጥናት የሆነው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በእንዲህ ዓይነት የተግባር ስሞች የተሞላ ነው። የዘርፉ ተማሪ በየጊዜው የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ይህ ውሁድ ወደዚያ ውሁድ የተለወጠው በምን ዓይነት መንገድ ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ያን ለውጥ ለማግኘት ከብዙዎቹ ውስጥ የትኛው ውሁድ ይመረጥ? የሚል ነው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከአንደኛው ይወለዳል። ለውጡ የሚሄድበትን መንገድ ያላወቀ ሰው ምርጫውን በቃል ሸምድዶ ለመያዝ ይገደዳል፤ የሸመደደውም ነገር አዲስ ውሁድ ሲገጥመው አይረዳውም።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የዚህ ዘርፍ ስያሜ ኤሌክትሮኖች ከማን ወደ ማን እንደሚሄዱ ለማሳየት መቻል አለበት የሚል ነው። ስያሜው ይህን ካሳየ አንባቢው ምርጫውን ከስሙ ራሱ ለመገመት ይችላል። ስያሜው የግሪክን ወይም የላቲንን ሥር ብቻ ተከትሎ ከተተረጎመ ግን ሳይንሱ በቃላቱ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ይህንንም በምሳሌ እናስረዳለን።

1. «መካኒዝም» ምን ይባል?

በመማሪያ መጻሕፍት «አጸግብሮት» የሚለው ቃል ኬሚካዊ ለውጥን ለመግለጽ ተለምዷል። በአማርኛ ተናጋሪው ጆሮ «አጸፋ»ንና «ግብር»ን የሚያስታውስ በመሆኑ የመልስ ተግባርን ስሜት ይሰጣል። «የአጸግብሮት መካኒዝም» ሲባል ግን «መካኒዝም» የሚለው ቃል መካኒክንና ሞተርን እንጂ የኤሌክትሮንን ጉዞ አያሳስብም። «ሂደት» የሚለውን ቃል ብንወስድ ደግሞ በእንግሊዝኛው «ፕሮሰስ» ለሚባለው ቀድሞ ስለተያዘ መደራረብ ይፈጠራል። «ስልት» የሚለው ቃል የሚያስብና የሚያቅድ አካልን ይጠይቃል፤ ሞለኪውል ግን ስልት የለውም።

እዚህ ላይ የቋንቋው የራሱ የቃል አመሠራረት መፍትሔ ይሰጠናል። አማርኛ ድርጊትን ከድርጊቱ አኳኋን የሚለይበት የታወቀ ቅርጽ አለው። «መናገር» ድርጊቱን፣ «አነጋገር» አኳኋኑን ይገልጻል፤ እንዲሁም «መሥራት» እና «አሠራር»፣ «መሄድ» እና «አካሄድ»። «መካኒዝም» የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ለውጡ መኖሩን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተካሄደ ደረጃ በደረጃ መግለጽን። ስለዚህም «የአጸግብሮት አካሄድ» የሚለውን ስያሜ እንመርጣለን።

ይህ ምርጫ ሌላም ጥቅም አለው። «አካሄድ» የጉዞ ቃል በመሆኑ ተከታዮቹን ስያሜዎች በአንድ ቤተሰብ ለማሰባሰብ ያስችላል። የሚለወጠው ውሁድ «መነሻ ውሁድ» ይባላል። በአንዳንድ አጸግብሮቶች ውስጥ በመሐል ተፈጥሮ ለጥቂት ጊዜ የሚቆየው ቅንጣት «ማረፊያ ውሁድ» ሊባል ይችላል፤ ትስስሮች ገና በመበጠስና በመፈጠር ላይ ሳሉ የሚደረስበት ከፍተኛው የኃይል ነጥብ ደግሞ «መሸጋገሪያ» ሊባል ይገባል። የሁለቱ ልዩነት በትርጉም ሥራ ብዙ ጊዜ ይምታታል። መሸጋገሪያው አቀበቱን ጨርሶ ቁልቁለቱን ሊጀምር ጫፉን የረገጠ መንገደኛን ይመስላል፤ እዚያ ለመቆም አይቻልም። ማረፊያው ግን በሁለት አቀበቶች መካከል ያለ ሸለቆ ነው፤ ጊዜው እጅግ አጭር ቢሆንም መቆያ አለው። «መካከለኛ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ሊያገለግል የሚችል ስለሚመስልና መጠንንም ስለሚያመለክት ባይወሰድ ይመረጣል።

2. አጸግባሪ፣ ተጸጋባሪ፣ አሟሚ፣ ካታሊስት

በእንግሊዝኛ «ሪኤጀንት» እና «ሪአክታንት» የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአጸግብሮቱ የሚሳተፉት ሁሉ ሪአክታንት ሲባሉ፣ ኬሚስቱ በመነሻው ውሁድ ላይ የታሰበውን ለውጥ ለማምጣት መርጦ የሚጨምረው ሪኤጀንት ይባላል። በአንዳንድ ትርጉሞች ሁለቱም በአንድ ቃል ሲገለጹ ይታያል። ይህም ሲሆን «ምርጫ» የሚለው ሐሳብ ቦታ ያጣል።

አማርኛ ይህን ልዩነት በግሡ እርባታ ለመግለጽ ይችላል። «ተጸጋባሪ» እንደ «ተደናጋሪ» ሁሉ በተ- የሚጀምር ሲሆን እርስ በርስ መደራረግን ስለሚያሳይ ለተሳታፊዎች ሁሉ ይስማማል። «አጸግባሪ» ደግሞ እንደ «አመስጋኝ» ያለ የአድራጊ ስም በመሆኑ ለተመረጠው ለውጥ አምጪ ይስማማል። እንግዲህ «ሁለት ተጸጋባሪዎች» ስንል ማን ማንን እንደሚለውጥ አልተናገርንም፤ «መነሻ ውሁዱና አጸግባሪው» ስንል ግን ተናግረናል።

«አሟሚ» የሚለው ስያሜ የተለመደና ተስማሚ ነው። ሆኖም አሟሚው ከማሟሟት አልፎ ራሱ በአጸግብሮቱ የሚሳተፍበት ጊዜ እንዳለ ተርጓሚው ማወቅ አለበት። ውሃ ወይም አልኮል አሟሚም አጸግባሪም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ቦታ ተርጓሚው የነገሩን ስም ጠርቶ ሁለቱንም ሚና በግልጽ ቢጽፍ ይሻላል።

«ካታሊስት»ን «ቀስቃሽ» ብሎ መተርጎም አልፎ አልፎ ይሞከራል። ካታሊስት ግን ለአጸግብሮቱ ዝቅ ያለ አቀበት ያለው ሌላ መንገድ ከፍቶ በመጨረሻ ራሱ እንደነበረ የሚመለስ ነው። «ቀስቃሽ» የሚለው ቃል ይበልጥ የሚስማማው አጸግብሮቱን አስጀምሮ ራሱ ለሚያልቀው፣ እንደ ፐሮክሳይድ ላለው ነገር ነው። ስለዚህ «ካታሊስት» በውሰት ቢቀር፣ «ቀስቃሽ» ደግሞ ለእንግሊዝኛው «ኢኒሼተር» ቢጠበቅ ሁለቱም ቦታቸውን ያገኛሉ።

3. ጥንድ አቀባይና ጥንድ ተቀባይ

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ የከበዱት ሁለት ስያሜዎች «ኒውክሊዮፋይል» እና «ኤሌክትሮፋይል» ናቸው። እነዚህን ስያሜዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ያቀረቡት እንግሊዛዊው ኬሚስት ክሪስቶፈር ኢንጎልድ ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት አርተር ላፕወርዝ «አኒዮኖይድ» እና «ካቲዮኖይድ» የሚሉ ስሞችን አቅርበው ነበር። «ኒውክሊዮፋይል» የሚለው ቃል ግማሹ ላቲን ግማሹ ግሪክ ነው። በላቲን «ኑክሌውስ» ፍሬ ማለት ሲሆን፣ የግሪኩ «ፊሎስ» ወዳጅ ማለት ነው።

ቃሉን በየሥሩ ተርጉሞ «ኑክለስ ወዳድ» ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሦስት ችግሮች ይከተሉታል። አንደኛ፣ «ኑክለስ ወዳድ አጸግብሮት» የሚለውን ሐረግ ያነበበ ሰው ስለ ኑክሌር አጸግብሮት የሚነገር ሊመስለው ይችላል፤ በዚህ አጸግብሮት ግን የአቶም ኑክለስ ፈጽሞ አይለወጥም። ሁለተኛ፣ «ወዳድ» ዝንባሌን እንጂ ድርጊትን አይናገርም፤ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚቀበል አይታወቅም። ሦስተኛ፣ ጥንዱ ስያሜ «ኤሌክትሮን ወዳድ» ሲሆን ኤሌክትሮን የሚወደውና ኤሌክትሮን የሚይዘው በአንባቢው አእምሮ ይምታታሉ።

«ኤሌክትሮን ሰጪ» እና «ኤሌክትሮን ተቀባይ» የሚለው አማራጭ ከዚህ ይሻላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ስሞች በኦክሲዴሽንና በሪዳክሽን ትምህርት ኤሌክትሮኖች ሙሉ በሙሉ ተላልፈው ለሚሰጡበት ሁኔታ ቀድመው ያገለግላሉ። ኒውክሊዮፋይል ግን የሚያቀርበው አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ሲሆን፣ ጥንዱም በሁለቱ መካከል አዲስ ትስስር ሆኖ ይቀራል፤ ሰጪው ፈጽሞ አያጣውም።

ስለዚህ ለኒውክሊዮፋይል «ጥንድ አቀባይ»፣ ለኤሌክትሮፋይል «ጥንድ ተቀባይ» የሚሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። ሁለቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። «አቀባይ» የሚለው ቃል «ዜና አቀባይ» እና «ቃል አቀባይ» በሚሉት ስያሜዎች የተለመደ ሲሆን፣ ያቀበለው ሰው ነገሩን ማጣቱን አያመለክትም፤ ዜና ያቀበለ ሰው ዜናውን አያጣም። «ጥንድ» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ከሪዳክሽን ጋር የነበረው መምታታት ይወገዳል።

ይህ ስያሜ ከጎባጣው ቀስት ጋርም ይስማማል። ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. ከ1922 ወዲህ፣ ሮበርት ሮቢንሰን ባስተዋወቁት ልማድ መሠረት፣ የኤሌክትሮን ጥንድ የሚሄድበትን አቅጣጫ በጎባጣ ቀስት ያሳያሉ። ቀስቱ ጥንዱ ካለበት ይነሣል፤ ጥንዱ በሚደርስበት ያልቃል። ቀስቱ የሚያሳየው የኤሌክትሮኖችን እንጂ የአቶሞችን ጉዞ አይደለም። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ይህንኑ ቅደም ተከተል ሳይጨነቅ ሊከተል ይችላል፦ «ሃይድሮክሳይዱ ጥንዱን ለካርቦኑ ያቀብላል»። መነሻው፣ ጥንዱና መድረሻው በተራቸው ተሰልፈው ግሡ በመጨረሻ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ተደራጊ ሆኖ የተጻፈውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ተደራጊ አድርጎ መመለስ ግን ቀስቱን ይገለብጠዋል። «ጠማማ ቀስት» የሚለውም ስም፣ ጠማማነት በአማርኛ የጠባይ ጉድለት ስለሆነ፣ ባይወሰድ መልካም ነው።

4. ቁጥሮቹ የሚናገሩት

ኤድዋርድ ሂውዝና ኢንጎልድ በ1930ዎቹ ባደረጉት ጥናት የመተካት አጸግብሮትን በሁለት ከፍለው «ኤስ ኤን 1» እና «ኤስ ኤን 2» ብለው ሰየሙት። «ኤስ» መተካትን፣ «ኤን» ጥንድ አቀባይን ያመለክታል። ቁጥሩን በተመለከተ ተርጓሚዎች የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ አለ። «1» ሲባል አንድ ደረጃ፣ «2» ሲባል ሁለት ደረጃ ይመስላል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ኤስ ኤን 2 በአንድ ደረጃ የሚፈጸም ሲሆን፣ ኤስ ኤን 1 ቢያንስ ሁለት ደረጃዎች አሉት። ቁጥሩ የሚቆጥረው ፍጥነቱን በሚወስነው ዝግተኛ ደረጃ ላይ የሚሳተፉትን ቅንጣቶች ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሜቲል ብሮማይድ ከሃይድሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሃይድሮክሳይዱ ክምችት እጥፍ ቢሆን የአጸግብሮቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱም በዝግተኛው ደረጃ ስላሉ ነው። ተርሺያሪ ቡቲል ብሮማይድ ውሃ ባለበት አሟሚ ውስጥ ሲሆን ግን መጠነኛ ሃይድሮክሳይድ ቢጨመርም የመተካቱ ፍጥነት አይጨምርም። በመጀመሪያ ብሮማይዱ ራሱ ተነጥሎ ሲሄድ ካቲዮን የሆነ ማረፊያ ይፈጠራል፤ ጥንድ አቀባዩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህም አንድ የምርጫ ትምህርት ይገኛል። በኤስ ኤን 1 አካሄድ ብርቱ ጥንድ አቀባይ መምረጥ ለፍጥነቱ አይጠቅምም፤ በኤስ ኤን 2 ግን የአቀባዩ ብርታት ወሳኝ ነው። «1»ን «ባለ አንድ ደረጃ» ብሎ የተረጎመ ሰው ይህን ትምህርት ከአንባቢው ነጥቆታል። ስለዚህ «ባለ አንድ ተሳታፊ» እና «ባለ ሁለት ተሳታፊ» የሚሉትን ማብራሪያዎች እንመርጣለን።

በዚሁ ክፍል ሁለት ቃላት ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው፣ በእንግሊዝኛ ጥንድ አቀባዩ ካርቦኑን «አጠቃ» የሚባለው ነው። በአማርኛ «ጥቃት» በደልንና የተበዳይን ውርደት የሚያመለክት በመሆኑ «መቅረብ» ወይም «መግባት» ማለት ይሻላል። በኤስ ኤን 2 አቀባዩ የሚቀርበው ከሚሄደው ቡድን ጀርባ በኩል ነው፤ በዚህም ምክንያት የካርቦኑ ሦስት ቀሪ ትስስሮች ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ወደ ሌላው ወገን ይዞራሉ። ፓውል ቫልደን ይህን የመሰለ ግልበጣ እ.ኤ.አ. በ1896 አስተውለው ነበር፤ ምክንያቱ የተገለጸው ግን አካሄዱ ከታወቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው ቃል የሚሄደው ቡድን ስም ነው። «ለቃቂ ቡድን» ቢባል፣ «ለቀቀ» የሚለው ግሥ «ቦታ ለቀቀ» እና «እስረኛ ለቀቀ» ተብሎ ሁለት ወገን ስለሚሄድ፣ ቡድኑ ራሱ ይሂድ ወይስ ሌላውን ይልቀቅ አይታወቅም። «ተሰናባች ቡድን» የሚለው ግን ሄጁ ራሱ መሆኑን ያረጋግጣል። ተሰናባቹ ሲሄድ የትስስሩን ጥንድ ይዞ እንደሚሄድ በትርጓሜው መጨመር አለበት።

5. አንድ ውሁድ፣ ሁለት ሚና

ኤቶክሳይድ የሚባለው አሉታዊ ቅንጣት ጥንዱን ለካርቦን ቢያቀብል ተሰናባቹን ቡድን ተክቶ ይገባል። ያንኑ ጥንድ ለአጠገቡ ካርቦን ሃይድሮጅን ቢያቀብል ግን ሃይድሮጅኑን ይወስዳል፤ ተሰናባቹም ይሄዳል፤ በሁለቱ ካርቦኖች መካከልም ድርብ ትስስር ይፈጠራል። በመጀመሪያው ሚናው ጥንድ አቀባይ፣ በሁለተኛው ሚናው ቤዝ ይባላል። የመጀመሪያው መተካት፣ ሁለተኛው ማስወገድ ነው።

ውጤቱን የሚወስነው የመነሻው ውሁድ ቅርጽና የአጸግባሪው ጠባይ ነው። ኤቶክሳይድ በኤታኖል ውስጥ ከኤቲል ብሮማይድ ጋር ሲገናኝ ወደ 90 ከመቶ የሚሆነው ውጤት በመተካት የተገኘ ኤተር ነው። መነሻው አይሶፕሮፒል ብሮማይድ ሲሆን ግን በመተካት የሚገኘው ወደ 20 ከመቶ ወርዶ፣ ወደ 80 ከመቶ የሚሆነው በማስወገድ የተገኘ ፕሮፒን ይሆናል። ካርቦኑ በዙሪያው በበዙ ቡድኖች ስለተከበበ ለአቀባዩ መግቢያው ጠብቧል፤ በውጭ ያሉት ሃይድሮጅኖች ግን እንደ ልብ ይደረስባቸዋል። በዚሁ መነሻ ላይ ኤቶክሳይድን ትቶ ደካማ ቤዝ የሆነውን አሲቴትን የመረጠ ሰው ከሞላ ጎደል መተካትን ብቻ ያገኛል። በተቃራኒው ግዙፉን ተርሺያሪ ቡቶክሳይድ የመረጠ ሰው ማስወገድን በብዛት ያገኛል።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን እንደሚያስከትል የዊልያምሰን የኤተር አሠራር በግልጽ ያሳያል። አሌክሳንደር ዊልያምሰን ዘዴውን ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1850 ነው። ሜቲል ተርሺያሪ ቡቲል ኤተርን ለመሥራት በወረቀት ላይ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ተርሺያሪ ቡቲል ብሮማይድን መነሻ፣ ሜቶክሳይድን አጸግባሪ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ሜቲል አዮዳይድን መነሻ፣ ተርሺያሪ ቡቶክሳይድን አጸግባሪ ማድረግ ነው። የሁለቱም ድምር በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ኤተር ነው። በብልቃጥ ውስጥ ግን የመጀመሪያው መንገድ በአብዛኛው አይሶቡቲሊን የተባለውን ጋዝ ይሰጣል፤ ተርሺያሪው ካርቦን ከጀርባ ስለማይገባበት ሜቶክሳይድ እንደ ቤዝ ይሠራል። በሁለተኛው መንገድ ሜቲል አዮዳይድ አንድ ካርቦን ብቻ ስላለው ሃይድሮጅን የሚወሰድበት ጎረቤት ካርቦን የለውም፤ ማስወገድ አይቻልም፤ ስለዚህ ኤተሩ ይገኛል።

አንድ ተርጓሚ «ሁለቱን ተጸጋባሪዎች በማቀላቀል ኤተር ይሠራል» ብሎ ቢጽፍ የሰዋስው ስሕተት አልሠራም። ነገር ግን ማን መነሻ፣ ማን አጸግባሪ፣ ማን ተሰናባች እንደሆነ ስላልተናገረ አንባቢው ከሁለቱ መንገዶች የትኛውን እንደሚይዝ ሊያውቅ አይችልም። «መነሻ ውሁድ» እና «አጸግባሪ» የሚሉትን ቃላት በመለየት የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው።

6. ውጤትን ብቻ የሚሰይም ደንብ

ሩሲያዊው ኬሚስት ቭላዲሚር ማርኮቭኒኮቭ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ያቀረቡት ደንብ እንዲህ ይላል፦ ሃይድሮጅንና ሃሎጅን ያለው አሲድ በድርብ ትስስር ላይ ሲደመር ሃይድሮጅኑ ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለው ካርቦን ይሄዳል። ደንቡ ውጤቱን ይናገራል፤ ምክንያቱን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1933 ሞሪስ ካራሽና ፍራንክ ሜዮ ሃይድሮጅን ብሮማይድ ፐሮክሳይድ ባለበት ሲደመር ተቃራኒው ውጤት እንደሚገኝ አሳዩ። ውጤትን ብቻ ለሸመደደ ሰው ይህ ደንቡን የሻረ ይመስላል።

አካሄዱን ላወቀ ሰው ግን ሁለቱም አንድ ምክንያት አላቸው። ያለ ፐሮክሳይድ በመጀመሪያ የሚደመረው ሃይድሮጅኑ ሲሆን ይበልጥ የተረጋጋው ካቲዮን ማረፊያ ይሆናል። ቀስቃሹ ፐሮክሳይድ ሲኖር በመጀመሪያ የሚደመረው የብሮሚን አቶም ሲሆን ይበልጥ የተረጋጋው ራዲካል ማረፊያ ይሆናል። በሁለቱም ረገድ አጸግብሮቱ ወደተረጋጋው ማረፊያ ይሄዳል፤ የተለወጠው ማን ቀድሞ እንደገባ ነው። በራዲካሎች አካሄድ የሚጓዘው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስለሆነ «ጥንድ አቀባይ» የሚለው ስያሜ እዚህ አይሠራም፤ ይህም ገደቡን በራሱ መናገሩ የስያሜው ሌላ ጠቀሜታ ነው።

ተቃራኒውን ውጤት «ጸረ ማርኮቭኒኮቭ» ማለት በአማርኛ ሰውየውን የሚቃወም ወገን ያለ ያስመስላል። «ከማርኮቭኒኮቭ ደንብ ተቃራኒ ውጤት» ብንል ረዘም ይላል እንጂ አያሳስትም።

7. «ቅነሳ» እና «ደረቅ»

«ሪዳክሽን»ን «ቅነሳ» ብሎ መተርጎም ቀላል ይመስላል። የላቲኑ ሥር ግን መልሶ መምራት ማለት ነው፤ ማዕድንን ወደ ብረትነቱ ከመመለስ ሥራ የመጣ ስም ነው። በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አንድ ኬቶን ሪዱስ ሲሆን ሃይድሮጅን ያገኛል፤ ስለዚህ «ተቀነሰ» የተባለው ውሁድ በእውነቱ ጨምሯል። በዚህ ምክንያት «ሪዳክሽን» በውሰት ቢቀር ይሻላል እንላለን። በውሰት የገባ ስም ዝም ይላል፤ የተሳሳተ ትርጉም ግን በስሕተት ይናገራል። ላቮአዚዬ «ኦክሲጅን» ብለው የሰየሙት የአሲድ ሁሉ አባት መስሏቸው ነበር። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኦክሲጅን የለውም፤ ጀርመኖች ግን ስሙን በየቃሉ ተርጉመው እስከ ዛሬ «የኮምጣጣ ነገር» በሚል ትርጉም ይጠሩታል።

የሪዳክሽን አጸግባሪ ምርጫም በአካሄድ ይገለጻል። ሶዲየም ቦሮሃይድራይድና ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ሁለቱም ሃይድሮጅንን ከነጥንዱ ለካርቦን ያቀብላሉ። የመጀመሪያው ለዘብተኛ አቀባይ በመሆኑ አልዲሃይድንና ኬቶንን ሪዱስ ሲያደርግ፣ ኤስተርን በተለመደው ሁኔታ አይነካም። ሁለተኛው እጅግ ብርቱ ስለሆነ ኤስተርንና ካርቦክሲሊክ አሲድን ጭምር ሪዱስ ያደርጋል። ኬቶንም ኤስተርም ያለውን ሞለኪውል ይዞ ኬቶኑን ብቻ ለመለወጥ የፈለገ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል።

የአሟሚው ምርጫም ከዚሁ ይከተላል፤ እዚህ ላይ አንድ የትርጉም ቃል አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ በአልኮል ውስጥ ሊሠራበት ይቻላል። ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ግን ከውሃና ከአልኮል ጋር በኃይል ተጸጋብሮ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ድራይ ኤተር» ውስጥ እንዲሠራበት ይታዘዛል። ይህ «ደረቅ ኤተር» ተብሎ ቢተረጎም ምን ይሆናል? በአማርኛ «ደረቅ» ፈሳሽ ያልሆነ ማለትም ነው፤ «ደረቅ ቆሻሻ» እንላለን። ፈሳሽ ኤተር በእጁ የያዘ ተማሪ «ደረቅ» የሚለውን ቃል ትርጉም የለሽ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል፤ ያለፈው ቃል ደግሞ ከትእዛዙ ሁሉ አስፈላጊው ነው። «ውሃ አልባ ኤተር» ቢባል ግን መከልከል ያለበት ነገር በስሙ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ያቀረብናቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፦ ለመካኒዝም «የአጸግብሮት አካሄድ»፤ ለሰብስትሬት «መነሻ ውሁድ»፤ ለሪኤጀንት «አጸግባሪ»፤ ለሪአክታንት «ተጸጋባሪ»፤ ለኢንተርሚዲየት «ማረፊያ ውሁድ»፤ ለትራንዚሽን ስቴት «መሸጋገሪያ»፤ ለኒውክሊዮፋይል «ጥንድ አቀባይ»፤ ለኤሌክትሮፋይል «ጥንድ ተቀባይ»፤ ለሊቪንግ ግሩፕ «ተሰናባች ቡድን»፤ ለኢኒሼተር «ቀስቃሽ»፤ ውሃ ለሌለበት አሟሚ «ውሃ አልባ»። «ቤዝ»፣ «ካታሊስት»፣ «ራዲካል»፣ «ኦክሲዴሽን» እና «ሪዳክሽን» በውሰት እንዲቀሩ እናሳስባለን።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ወይም ሌላው በተሻለ ቃል ሊተካ ይችላል፤ የምንከራከረው ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ መመዘኛው ነው። አንድ ስያሜ ሲቀርብ በመዝገበ ቃላት ዓምድ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ማማሩ አይበቃም። በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፤ ዐረፍተ ነገሩም ለውጡን እንጂ ውጤቱን ላልተነገረው አንባቢ ይሰጥ። አንባቢው ጥንዱ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድና ከሁለት ብልቃጦች የትኛውን እንደሚያነሣ ከዐረፍተ ነገሩ መናገር ከቻለ ስያሜው ሥራውን ሠርቷል። ካልቻለ ግን ስያሜው ለተርጓሚው ጠረጴዛ መመለስ አለበት።